«በራሱ ይወድቃል፣ ጠብቁ»፦ በትናንሽ ቡችሎች ጥርስ ላይ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ትናንሽ ውሾች በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ማልቲዝ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፑድል፣ ቺዋዋ፣ ፖሜራኒያን ወይም ሺትዙ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ጥያቄ ይዞ ስለተነሳ ብዙ ሰው ቢያነበው አይገርምም፦ ቡችላዬ አዲሱን ክራንቻ አብቅሏል፣ አሮጌው ግን አልወድቅ ብሏል፤ ምን ላድርግ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጽሑፉ የሰጠው መልስ ግን በአብዛኛው ቡችላውን የሚጎዳ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አስቀድሜ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የወተት ጥርስ እንደ ልጅ ጥርስ ጊዜውን ጠብቆ ስለሚወድቅ እስከ አንድ ዓመት መታገስ ይገባል ይላሉ። ተደርቦ ቢቆይም የመልክ ጉዳይ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ለማፍጠን የፈለገ አጥንት ይስጠው፣ ገመድ ያጓትተው፤ አልሆን ካለ በክር ወይም በጉጠት ይንቀለው፣ ወይም ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ይቁረጠው። ማደንዘዣ ትንሽ ውሻ ስለሚገድል ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ያለ ማደንዘዣ ያስነቅል፤ ማደንዘዣ ግድ ከሆነም እስከ ማምከኛው ቀዶ ሕክምና ድረስ ያቆየው። ድዱ ካበጠ ቴትራሳይክሊን ይበቃዋል። በመጨረሻም የውሻ ጥርስ መቦረሽ ቅንጦት ነው፤ የሚፈልግ በሰው የጥርስ ሳሙና ይቦርሽ ብለዋል።

የመጀመሪያው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው፤ አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ሲያድግ ከላይ 20፣ ከታች 22፣ በድምሩ 42 ቋሚ ጥርስ ይኖረዋል። አብዛኞቹ ቡችሎች የወተት ጥርሳቸውን ባለቤቱ ሳያይ ይጥላሉ፤ ከምግብ ጋር ይውጡታል፣ ወይም መጫወቻቸው ላይ ጠብታ ደም ትተው ያልፋሉ። ለዚህ ሐኪም አያስፈልግም፣ ጸሐፊውም ሰውን ከከንቱ ጭንቀት ማዳናቸው ደግ ነው። አዲሱ ጥርስ ገና ብቅ ሳይል የወተቱን ለመንቀል መቸኮል ተገቢ አይደለም ያሉትም፣ የመንጋጋው አገጣጠም ተበላሽቶ ሐኪም በተለይ ካላዘዘ በስተቀር፣ ትክክል ነው።

ስህተቱ የጊዜ አቆጣጠሩ ላይ ነው። የልጅ ጥርስ ከስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ቀስ እያለ ይቀየራል፤ ነቅለን ጣራ ላይ የምንወረውረውም አንድ በአንድ ነው። በውሻ ግን ጠቅላላው ለውጥ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በአራት ወር ገደማ ውስጥ ያልቃል። የፊት ጥርሶች በሦስተኛውና በአምስተኛው ወር መካከል ይቀየራሉ፤ ቋሚው ክራንቻ ብዙውን ጊዜ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር ይወጣል፤ ሰባተኛው ወር ሲሞላ ሁሉም ቦታ ቦታውን መያዝ አለበት። አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ቋሚው ጥርስ አድጎ፣ ጠሞም ከሆነም ጠሞ ከጨረሰ ከወራት በኋላ ነው ሐኪም ቤት የሚደርሰው።

ደግሞስ የወተት ጥርስ የሚወድቀው በምን ምክንያት ነው? ቋሚው ጥርስ ከሥር ሲመጣ ሰውነት ራሱ የወተቱን ጥርስ ሥር ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ሥሩ ያለቀ ጥርስ ይነቃነቅና ይወድቃል። ቋሚው ከመስመሩ ወጣ ብሎ በጎን ሲመጣ ግን ሥሩ ሳይሟሟ ይቀራል። አዲሱ ጥርስ ድድ ቀዶ ወጥቶ አሮጌው ሳይነቃነቅ ከቆመ፣ አሮጌውን ይጥለው የነበረው ሂደት አምልጦታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀን በጨመረ ቁጥር የሚንቀሳቀሰው አሮጌው ሳይሆን አዲሱ ነው፤ ቦታ ወዳገኘበት ይሄዳል።

በእንስሳት ጥርስ ሕክምና የሚሠራበት ደንብ አጭር ነው፦ አንድ ዓይነት ሁለት ጥርስ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ መቆም የለበትም። በተግባር እንዲህ ይተረጎማል። የአዲሱ ክራንቻ ጫፍ ታይቶ አሮጌው በጣት ሲነኩት የሚወዛወዝ ከሆነ ጥቂት ቀን፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት መጠበቅ ይቻላል። አሮጌው ንቅንቅ የማይል ከሆነ ግን በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው።

ይህን ለማወቅ ከሦስት ወር ተኩል ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ወር በሳምንት አንድ ቀን አፉን ማየት ይበቃል። ቡችላውን ጀርባው ወደ እናንተ እንዲሆን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት፤ አንድ እጃችሁን በአፍንጫው በላይ አሳልፋችሁ አፉ እንደተገጠመ በአውራ ጣት ከንፈሩን ብቻ ወደ ላይ ግለጡ። የወተቱ ክራንቻ እንደ መርፌ ቀጭንና የሾለ ነው፤ ቋሚው ወፍራም ነው። አዲሱን የት እንደምትፈልጉትም እወቁ፦ ከላይ ቋሚው ክራንቻ ከወተቱ ፊት ለፊት፣ ማለትም ወደ አፍንጫው በኩል ይወጣል፤ ከታች ግን ከወተቱ ወደ ውስጥ፣ ምላሱ በኩል ነው። ብዙ ሰው የታችኛውን የሚስተው ከውጭ ብቻ ስለሚያይ ነው፤ ለእሱ አፉን ገርበብ አድርጋችሁ እዩ። በየሳምንቱ በስልክ ፎቶ ብታነሱ ለሐኪሙም ትልቅ እገዛ ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው፣ በእኛ አገር ግን መታለፍ የሌለበት ጉዳይ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ቡችላ አፍ ውስጥ እጅ አይከተትም። ጥርስ የሚያወጣ ቡችላ ለሃጩ ሊበዛ ይችላል፤ ነገር ግን ለሃጭ እያዝረከረከ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ የተለወጠ ወይም የሚንገዳገድ ቡችላ «ጥርስ እያወጣ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ከነከሰ ወይም ለሃጩ የተጫረ ቆዳ ከነካ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ።

«የመልክ ጉዳይ ነው» ወደሚለው ልለፍ፤ ከሁሉም በላይ መመለስ ያለበት ይህ ነው። ጤናማ ውሻ አፉን ሲገጥም የታችኛው ክራንቻ ከላይኛው ሦስተኛ የፊት ጥርስና ከላይኛው ክራንቻ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይገባል፤ አንዱንም አይነካም። አሁን ሁለቱም የወተት ክራንቻዎች አልወድቅ ብለው ቀሩ እንበል። ከታች ቋሚው ከውስጥ በኩል ስለሚመጣ የወተቱ ጥርስ ወደ ውጭ እንዳይዘረጋ ግድግዳ ይሆንበታል፤ ጥርሱም ቀጥ ብሎ ያድጋል። ከላይ ደግሞ የወተቱ ከኋላ ስለሚቆም ቋሚው ወደ ፊት ይገፋና ያን ክፍተት ያጠበዋል። የታችኛው ክራንቻ መግቢያው ጠቦበት፣ ራሱም ወደ ውስጥ ቀርቶ፣ አፉ በተገጠመ ቁጥር ላንቃውን ይወጋል። በመጀመሪያ ቀይ ነጥብ፣ ቀጥሎ ጎድጓዳ ቁስል ይሆናል፤ ሲብስ ወደ አፍንጫ የሚያስተላልፍ ቀዳዳ ሊከፍት ይችላል። ቡችላው የሚያለቅስ አይምሰላችሁ። ውሾች የአፍ ሕመምን ይዘው ይበላሉ፤ ምልክቱ ምግብ መጣል፣ በአንድ ጎን ማኘክ ወይም ፊቱ ሲነካ መሸሽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥርሱ ባይጣመምም ሌላ ጉዳት አለ። በሁለቱ ክራንቻዎች መካከል ያለው ስንጥቅ ፀጉርና የምግብ ትርፍራፊ ይይዛል፤ ድዱ ይቆጣል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት መሸርሸር ይጀምራል። ትናንሽ ውሾች ከመንጋጋቸው ስፋት አንጻር ጥርሳቸው ትልቅ ነው፤ አጥንታቸው ደግሞ ስስ ነው። በላይኛው ክራንቻ ሥርና በአፍንጫ ክፍተት መካከል ያለው አጥንት በጣም ቀጭን ስለሆነ፣ ሲሸረሸር ውሻው ያስነጥሰዋል፣ ከአንድ አፍንጫው ፈሳሽ ይወጣዋል። በታችኛው መንጋጋም የክራንቻው ሥር ትልቁን ቦታ ስለሚይዝ በዙሪያው ያለው አጥንት ሲያልቅ መንጋጋው በትንሽ ግፊት ሊሰበር ይችላል። ይህ ሁሉ በአንድ ወር አይመጣም፣ ሁሉም ቡችላ ላይም አይደርስም። ይሁን እንጂ «ጉዳት የለውም» የሚያሰኝ አይደለም።

ስለ አጥንትና ገመድ ብዙ ማለት አያሻም። ሥሩ የሟሟ ጥርስ ያለ ገመድም ይወድቃል፤ ሥሩ ያልሟሟውን ገመድ ቢጎትተው ይሰበራል እንጂ አይነቀልም። ጠንካራ አጥንት ደግሞ የማይፈለገውን የወተት ጥርስ ሳይሆን የሚፈለገውን ትልቁን የላይኛ ማኘኪያ ጥርስ ይሰነጥቃል። የምትሰጡት ነገር በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጎድ ከሆነ ለጥርስ ጠንካራ ነው። ከዶሮ ወጥ የወጣ አጥንት ደግሞ ሁለት ጊዜ ጎጂ ነው፦ ስለበሰለ ይሰነጠራል፣ የጠጣው ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ጽሑፉ በዚህ ክፍል ለእውነት የቀረበው መጫወቻ ጥርስን ሊገፋ ይችላል ሲል ነው። የታችኛው ክራንቻ በጥቂቱ ብቻ ወደ ውስጥ ካዘነበለ፣ ከሁለቱ ክራንቻ ጫፎች ርቀት ትንሽ ሰፋ ያለ ለስላሳ የጎማ ኳስ በቀን ሦስት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲይዝ ማድረግ የሚታወቅ ዘዴ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ግድግዳ የሆነው የወተት ጥርስ ከተነሳ በኋላ፣ ሐኪም አፉን አይቶ ሲፈቅድ ነው።

በክርና በጉጠት መንቀል ግን ሊመከር አይገባም ነበር። የወተት ክራንቻ ሥር ከሚታየው ክፍል ብዙ የሚረዝም፣ ቀጭንና ወደ ኋላ የጎበጠ ነው። ቀጥታ ሲጎትቱት ጎባጣው ላይ ይሰበራል። ከላይ ስታዩ ጥርሱ ወጥቷል፤ ሥሩ ግን ድድ ውስጥ ቀርቶ አዲሱን ጥርስ እንደገፋ ይቀጥላል፣ መግልም ሊቋጥር ይችላል። ጉጠቱ ቢንሸራተት ደግሞ የሚሰበረው ዕድሜውን ሙሉ የሚያገለግለው አዲሱ ክራንቻ ነው። በጥፍር መቁረጫ መቁረጥ ከዚህም ይከፋል። የጥርሱ ውስጠኛ ሥጋና ነርቭ ይገለጣል፤ ሕመሙ ከባድ ነው፣ ጀርምም በዚያው ቀዳዳ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ያ ሁሉ ተደርጎም ሥሩ ከቦታው አልተነሳም፤ ቋሚውን ጥርስ የሚያጣምመው ደግሞ እሱ ነው።

ማደንዘዣን መፍራታቸውን አልነቅፍም። ትንሽ ቡችላ ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል፣ የደሙ ስኳርም ቶሎ ይቀንሳል፤ የመድኃኒት ስህተትንም አይችልም። 1.5 ኪሎ የሚመዝን ቡችላ በግምት 2 ኪሎ ነው ተብሎ ቢወጋ ከሚገባው በሲሶ የበለጠ ይወስዳል። ግን ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ «ያለ ማደንዘዣ ይነቀል» ሊሆን አይችልም። ነቅቶ የሚታገል ቡችላ አፍ ውስጥ ያን የመሰለ ሥር ሳይሰብር የሚያወጣ እጅ የለም፤ በግድ ይዞ መንቀልም ለዕድሜው አፉን የማያስነካ ውሻ ያደርገዋል። የሚሻለው ማደንዘዣው በጥንቃቄ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። ጠይቁ፦ በሚዛን ይመዘናል? የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል? በደም ሥሩ መስመር ይከፈታል? የደሙ ስኳር ይለካል? በምን ይሞቃል? ሐኪሙ ጥርሱን ሲሠራ ትንፋሹንና የልብ ምቱን የሚከታተል ሌላ ሰው አለ? ከሌሊቱ ጀምሮ ጹም ይደር የሚባለው ለትልቅ ውሻ ነው፤ ትንሽ ቡችላ ለረጅም ሰዓት ሲጾም ስኳሩ ይወርዳልና ስንት ሰዓት እንደሚጾም ከሐኪሙ ተቀበሉ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ክሊኒክ ጋር አለመሄድ መብታችሁ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የጥርስ ራጅ ይነሳል። ሁሉም ክሊኒክ ባይኖረውም፣ ካለ መታለፍ የለበትም፤ አልፎ አልፎ ቋሚው ጥርስ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላልና። በዚያን ጊዜ ጤናማ የወተት ጥርስ መነቀል የለበትም፤ «አትንቀሉ» የሚለው የጽሑፉ ምክር የሚሠራው እዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል። ኤሌቬተር የሚባለው ቀጭን ስለታም መሣሪያ በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ይገባና በቀስታ ዞር ተደርጎ ለበርካታ ሰኮንዶች ይያዛል፤ ጥርሱን የያዘው ጅማት በጉልበት ሳይሆን በድካም እንዲላቀቅ ነው። መሣሪያው ቋሚው ጥርስ ባለበት ጎን፣ ማለትም ከላይ በፊት በኩል፣ ከታች በውስጥ በኩል ተደግፎ መጠምዘዝ የለበትም። የወጣው ጥርስ ሥሩ ጫፍ ድረስ ሙሉና ልሙጥ መሆኑ ይታያል። ባለቤቱም ጥርሱን አሳዩኝ ቢል ነውር የለውም። ጫፉ የተሰበረ ከመሰለ ቀሪው ተፈልጎ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ለስላሳ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ገመድ ማጓተትና ጠንካራ ነገር ማኘክ የለም።

እስከ ማምከኛው ይቆይ የሚለውን በተመለከተ፣ ሁለቱ ከተገጣጠሙ በአንድ ማደንዘዣ መጨረስ ጥሩ ነው፣ ወጪም ይቀንሳል። ካልተገጣጠሙ ግን ማምከኑ ይጠብቃል፤ በማደግ ላይ ያለ ክራንቻ አይጠብቅም። እንዲያውም ቀድሞ ማስነቀል ርካሹ መንገድ ነው፤ አንዴ ላንቃ መውጋት የጀመረን ክራንቻ በጥርስ ማስተካከያ ወይም አሳጥሮ ነርቩን በማከም መመለስ እጅግ ይከብዳል፣ የሚሠራውን ሐኪም ማግኘትም እንደዚያው።

ቴትራሳይክሊን ሥር አይነቅልም፤ ድዱ ያበጠበት ምክንያት ባለበት ይቀጥላል። በዚያ ላይ ይህ የመድኃኒት ዘር፣ ለከብት የሚወጋውን ኦክሲቴትራሳይክሊንን ጨምሮ፣ ገና መንጋጋ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለን ጥርስ እስከ መጨረሻው ቢጫ ወይም ቡናማ ሊያደርግ ይችላል። ለሕመሙም ከሰው ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ አትስጡ፤ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

መቦረሽን ቅንጦት ማለታቸው ለትልቅ ውሻም አይሠራ፤ ለእነዚህ ዘሮችማ ዋናው መከላከያ ነው። ለስላሳ የሕፃን ብሩሽና ንጹሕ ውሃ ይበቃል። የጥርሱን የውጭ ጎን፣ በተለይ ከድዱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር፣ በየጎኑ ግማሽ ደቂቃ ያህል በየቀኑ። ጥርስ በሚቀየርበት ወቅት ድዱ ካመመው በጣት በተጠቀለለ እርጥብ ፋሻ ብቻ አባብሉት፤ ዓላማው እጅ መልመድ ነው። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሆንም። ውሻ አጉመጥምጦ አይተፋም፣ ፍሎራይዱን ይውጠዋል፤ አንዳንዶቹ ሳሙናዎች ያለባቸው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ደግሞ በጥቂት መጠን እንኳ የውሻን የደም ስኳር በድንገት ይጥላል፣ ጉበትም ይጎዳል።

ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ ጉዳይ ልጨምር። የወተት ጥርስ አለመውደቅ በእነዚህ ዘሮች ውስጥ ደጋግሞ መታየቱ በዘር እንደሚተላለፍ ያመለክታል፤ ጥርሱ ተነቀለ ማለት ውሻው የሚያወርሰው ተለወጠ ማለት አይደለም። ስለዚህ ድርብ ክራንቻ የተነቀለላትን ውሻ ለማስወለድ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ገዢም ቡችላውን ከመውሰዱ በፊት የእናቱን፣ ከተቻለም የአባቱን ከንፈር ገለጥ አድርጎ እንዲያይ ሻጩን ይጠይቅ።